እትዬ ታደለችና የአባባ ሰባት መድኃኒቶች

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአያቴን የግፊት መድኃኒት ልወስድ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ሰልፍ የለም። ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ሰልፍ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። ከመስታወቱ ጀርባ የማላውቀው ወጣት ቆሟል። ማዘዣውን ተቀበለኝ፣ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አወረደ፣ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«እትዬ ታደለችስ?» አልኩት።

«ለቃለች።»

«እንዴት? መቼ?»

«እኔ እንጃ። ሀደሮ ከተማ ገባች መሰለኝ። ቀጣይ!»

ከኋላዬ ግን ማንም አልነበረም።

ደረጃው ላይ ቆሜ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። በልጁ? እሱ ምን አደረገ? በከተማው ሰው? እኔም እኮ ከከተማው ሰው አንዷ ነኝ። ስንት ጊዜ «ይቺ ሴትዮ ገደለችን፣ ቶሎ አትሰጥም እንዴ?» ብለን ተነጫንጨንባታል። ይኸው፣ ቶሎ የሚሰጥ ሰው አገኘን። ደስ ይበለን!

እትዬ ታደለች ከከምባታ፣ የዳምቦያ ሴት ናት። አጭር ናት፣ ሞላ ያለች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታስቀምጥና ሰውን ከመነጽሩ በላይ፣ መድኃኒቱን ከመነጽሩ በታች ታያለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ፋርማሲው መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ተሳፋሪ ነው። ውጭ ረዳቶቹ «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ፤ ውስጥ እትዬ ታደለች የአንድ ሽማግሌ ፌስታል ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ ኪኒን ትለያለች። ከገጠር የሚመጣ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው፤ እሷ ደግሞ ይህን ሳታርም አታልፍም።

«ዶክተር፣ ቶሎ በይልኝ እባክሽ።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ይሄኛውን ለምንድን ነው የሚወስዱት?»

«እኔ ምን አውቄ? ታዘዘልኝ።»

«ማን አዘዘልዎት?»

«ሐኪም ነዋ! ሌላ ማን ያዛል?»

«የትኛው ሐኪም? እስከ መቼ ይውሰዱ አለዎት?»

«ኧረ ሴትዮ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«መኪና ሌላ ይመጣል፤ ኩላሊት ግን ሌላ አይመጣም።»

አንድ ቀን ሰልፉ ውስጥ የነበረች ነጋዴ «ወይ ጉድ፣ ፋርማሲ ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ የገባነው?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ እትዬ ታደለች ነበረች፤ ትከሻዋ እየተነቃነቀ። ከዚያ የሴትዮዋን ማዘዣ ተቀበለችና «አንቺስ፣ ይሄን ማን ጀመረልሽ?» አለቻት።

ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት። የኪኒኑን እሽግ በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች «ማስጀመርማ ማንም ያስጀምራል። ማስቆም ላይ ነው ወንድ የጠፋው» ትል ነበር። ይህን ስሰማ ሁሌ እስቅ ነበር። ነገሩ እኛ ቤት እስኪገባ ድረስ።

አባባ የአባቴ አባት ነው። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ አፉን ሳይከፍት ያዳምጥና መጨረሻ ላይ በሁለት ቃል ሰውን ያስታርቃል፤ እንዲያውም ሰዎች ሳይፈልጉ ይታረቃሉ ይባላል። ዘንድሮ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ፊቱ ተቀምጠው፣ ታላቅየው እያለቀሰ ሲናገር፣ አባባ አንኮራፋ። ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የሚጠራው ጠፋ። ደግሞ መውደቅ ጀመረ፤ አንዴ ግቢያችን ውስጥ፣ አንዴ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ። እኛ «እርጅና ነው» አልን። ዘመድም መጥቶ «እርጅና ነው» አለ። ሁሉም ሰው ይህቺን ቃል ብሎ ሻይውን ጠጥቶ ይሄዳል። አባባ ራሱ ግን አላመነበትም። አንድ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ልጄ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ጭጋግ ገብቷል። ሰው ሲያወራ ከሩቅ ነው የምሰማው። እንደዚህ ሆኜ ከምኖር...» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያልጨረሰው አስፈራኝ።

በማግስቱ መድኃኒቱን ሲያስሞላ አብሬው ሄድኩ። እትዬ ታደለች ፌስታሉን ዘረገፈችው። ሰባት ዓይነት። አባባ አማርኛ ይከብደዋል፤ እሷ ደግሞ የከምባታ ሴት ብትሆንም ሀዲይኛውን አቀላጥፋ ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ ረጅም ሰዓት ጠየቀችው። ሰልፉ ያጉረመርማል። አባባ ሲሰለቸው «እናንተ ከምባታዎች ስትጠይቁ መሽቶ ይነጋል» አላት። «እናንተ ሀዲያዎች ደግሞ ሳትጠይቁ ትውጣላችሁ» አለችው። ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት!

ከዚያ የባዶ ካርቶን ጀርባ ላይ እየሳለች አስረዳችኝ።

«መጀመሪያ ጉልበታቸውን አመማቸው። የህመም ማስታገሻ ተሰጣቸው፣ ለዐሥር ቀን። ዐሥሩ ቀን ሦስት ዓመት ሞላው። ማስታገሻው ጨጓራቸውን ሲያቃጥል የጨጓራ መጣ። ማስታገሻው ግፊታቸውንም ከፍ ሲያደርግ በግፊቱ መድኃኒት ላይ ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ተጨመረ። ያ የተጨመረው እግራቸውን አሳበጠ። ሌላ ቦታ ሄደው እግራቸው አብጧል ተባለና የሚያሸና ተሰጣቸው። ሲሸኑ እያደሩ እንቅልፍ አጡ፤ የእንቅልፍ ተሰጣቸው። ደከማቸው፤ ቫይታሚን ተሰጣቸው። በይ እስቲ፣ ስንት በሽታ አለባቸው?»

«ሰባት?» አልኩ።

«ሁለት። ጉልበትና ግፊት። ሌላውን የወለደው መድኃኒቱ ነው።»

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። እርጅና አይደለም ማለት ነው! አምስቱን አፍሼ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ልጥል ስል እጄን ያዘችኝ። ለካ ጠንካራ እጅ አላት።

«እንዳትነኪ! አንዳንዱ በአንዴ ከቆመ የባሰ ያመጣል። ደግሞ እኔ ማቆም አልችልም። የሚያቆመው የሐኪም ፊርማ ነው።»

«እያወቅሽ ልትሰጪን ነው እንዴ?»

አሁን ሳስበው ያን ባልተናገርኩ። መነጽሯን አወለቀች፣ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው።

«ዳምቦያ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጣች» አለች ቀስ ብላ። «ማዘዣው አላማረኝም። ሐኪሙን ሄጄ ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ። አዲስ ነበርኩ፣ እሱ ትልቅ ሰው ነው። ሰጠኋት።»

«ከዚያስ?»

«ሰጠኋት አልኩሽ እኮ።»

ከዚህ በላይ ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ወረቀት አወጣችና «የተከበሩ ዶክተር» ብላ መጻፍ ጀመረች። ጽሑፏ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይመስላል፣ ጥርት ያለ። ይቅርታ የሚሉት ቃላት ብዛት ግን አበሳጨኝ። ትክክል የሆነ ሰው ይህን ያህል ይቅርታ ይጠይቃል?

ደብዳቤውን ይዘን ከአባባ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ልክ ናት» አለ። ልቤ ዘለለ። «ግን እነዚህን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። የጀመረው ቢያቆማቸው ነው የሚሻለው።»

«የጀመረው የት ነው?»

«ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እ... ላይመለስ ይችላል።»

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰባቱንም አደሰ! የሄደው ሐኪም እስኪመለስ አባባ እየወደቀ ሊጠብቀው ነው።

በሳምንቱ የሚያሸናውን ወዳዘዘው የግል ክሊኒክ ሄድን። ይሄኛው ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ደብዳቤውን ግማሽ ድረስ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ፋርማሲስት ሐኪምን ማስተማር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ። መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት አባባ ጉልበቴን ያዘኝ። ሰውዬው የአባባን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ልጄ። እየወሰዱ አንድ ነገር ቢሆኑ በሽታው ነው ይባላል። አቁመው ቢሆኑ ግን ዶክተሩ ገደላቸው ይባላል። አባትሽ ራሱ ነው የሚከሰኝ። አይደለም በይኝ እስቲ!»

አይደለም ማለት አልቻልኩም። በጣም ያናደደኝም ይሄ ነው።

ተመልሼ ለእትዬ ታደለች እየጮህኩ ነገርኳት። እሷ አልጮኸችም። ከባንኮኒው ስር አንድ ካርቶን አወጣች፤ የደብዳቤ ቅጂ የሞላበት። የስንት ሰው አያት፣ የስንት ሰው እናት ነው እዚያ ውስጥ ያለው!

«ስንቱ መልስ አገኘ?» አልኳት።

ካርቶኑን ዘግታ በእግሯ ወደ ቦታው ገፋችው።

«እንዴት አትናደጅም?»

«ማን ነው አልናደድም ያለሽ? ግን ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ፍርሃትን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። ቆይ፣ በደብዳቤ ካልሆነ ፊት ለፊት ይሁን።»

ያደረገችውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሐኪም ጋ ሄዳ ለማነጋገር ስትሞክር ወይ «ሥራ ላይ ነው» ይሏታል ወይ በር ላይ ያቆሟታል። ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ገባች፣ በራሷ ስም ካርድ አወጣች፣ ከበሽተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። እኔና አባባ አጠገቧ ነን። ሦስት ሰዓት ጠበቅን! ተራዋ ሲደርስ አስከትላን ገባች።

ወጣቱ ሐኪም ካርዱን አየ። «እሺ እናቴ፣ ምን ያምሻል?»

«ሰባት መድኃኒት» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብዳቤውን አስታወሰ። ሳቁ አመለጠው።

«ካርድ አውጥተሽ?»

«ሌላ በር የለኝማ ዶክተር። አሁን በሽተኛህ ነኝ፤ ልታዳምጠኝ ነው።»

አዳመጣት። የአባባን ግፊት ተቀምጦም ቆሞም ለካው። ሲቆም ቁጥሩ እንዴት እንደወረደ ራሱ አየ። «ይሄን ሳልለካ ነው ያደስኩት» አለ፣ ለራሱ ይመስል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያች ቅጽበት ወደድኩት። ማስታገሻውና የሚያሸናው እንዲቆሙ፣ የእንቅልፉ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንዲቆም፣ የሚያሳብጠው የግፊት መድኃኒትም መጠኑ እንዲቀንስ ጽፎ ፈረመ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለን። እትዬ ታደለች ፊርማውን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ሕልም እንዳይሆንባት ይመስል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር። እኛ ቤት ግን ሌላ ሐኪም አለ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር።

አጎቴ ዳንኤል የአባባ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ እዚያ ሱቅ ይሠራል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በቪዲዮ ይደውላል። መድኃኒቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ስልኩን ከዳር እስከ ዳር እናዞርለታለን፣ እሱ ይቆጥራል። ከዓመታት በፊት የጀመረ ልማድ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። አንዱ ከጎደለ «አባቴን ልትገድሉት ነው!» ብሎ ስለሚጮህ አባቴ ታላቅ ወንድሙን ይፈራል። ስለዚህ ምን አደረገ? የቆሙትንም መልሶ ደረደራቸው! «ለማሳየት ብቻ ነው፤ ለሰላም ብዬ» አለ።

«ሰባቱም አሉ» አለ አጎቴ ደስ ብሎት። «በል አባዬ፣ ዋጥ እስቲ ልይህ።»

እኛ ተያየን። አባባ ልጁን አየ፣ ስክሪኑ ውስጥ። አፉን ከፈተና የቆሙትንም ዋጣቸው። በቀጣዩ እሑድም ዋጠ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከወንበር ሲነሳ ወደቀና ግንባሩ ተሰፋ።

«በሳምንት አንዴ ብቻ እኮ ነው» ይላል አባቴ፣ ጥግ ቆሞ። በቁጣ አለቀስኩ። አባባን ግን ለምን እንደዋጠ ስጠይቀው «ልጄ ነው ያለኝ» አለ። በቃ። ከሐኪም ጋር ለፊርማ መሟገት ቀላል ነበር፤ ልጁን ለሚናፍቅ አባት ግን ምን ይባላል?

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ታደለች ቤታችን መጣች። ስልኩ ሲጠራ አባቴን አስፈቅዳ እሷ አነሳችው።

«ማን ልበል?» አለ አጎቴ።

«ታደለች እባላለሁ። መድኃኒቱ እንዲቆም የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

«ቆሟል እንዴ? ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ አንቺ ምን አግብቶሽ? እኔ እዚህ ቀን ከሌት የምለፋው አባቴ መድኃኒት እንዳይጎድለው ነው!»

ስልኩን ወደ አባባ አዞረችና ኮፍያውን ቀስ ብላ አነሳችው። ስፌቱ ታየ።

«ይሄ የዛሬ ሳምንት ነው» አለች። «አንተ ዋጥ ልይህ ካልከው በኋላ።»

ከወዲያ የሱቁ በር ሲከፈት ይሰማል፣ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ዳቦ ይጠይቃል፣ አጎቴ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። ከዚያ በሌላ ድምፅ «ታዲያ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግለት? ሌላ ምን አለኝ?» አለ።

እትዬ ታደለች ያኔ ተቀመጠች። ለካ እስከዚያ ቆማ ነበር።

«ጉልበትህ እንዴት ነው በለው። ዛሬ እስከ የት ሄድክ በለው። በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ተጣላህ በለው።»

«ከዚህች የከምባታ ሴት ጋር ነዋ!» አለ አባባ ከጀርባ። አጎቴ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። ማስታገሻው ሲቀር የጨጓራውም ቀረ፣ ቫይታሚኑም ቀረ፤ በስተመጨረሻ ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች ብቻ ተረፉ። ጉልበቱ ሲያመው እናቴ በሙቅ ፎጣ ትይዝለታለች፣ በጣም ሲብስበት ቀለል ያለች ማስታገሻ ይወስዳል። ጭጋጉ ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች ድጋሚ መጡ፤ ታላቅየው ከመጀመሪያው ጀምሮ በድጋሚ አለቀሰ፣ አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ «እትዬ ታደለች ለቃለች» ብዬ የነገርኩት ለዚህ ሰው ነው። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ እኔንም ለአማርኛው ይዞ፣ ፋርማሲው ባለቤት ጋ ሄደ። ባለቤቱ ጋሽ ሳህሌ ደንግጦ ወንበር አመጣ።

«አላባረርኳትም አባባ» አለ። «ሰልፉን አሳጥሪ ነው ያልኳት። ደንበኛ ሌላ ቤት ሄደ። መድኃኒት የሚያስቀር መድኃኒት ቤት የት አለ? እሷ ደግሞ ሳልጠይቅ አልሰጥም አለች።»

አባባ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አዳመጠ። አንድ ጊዜም አላንቀላፋም። መጨረሻ ላይ በሁለት ቃል ጋሽ ሳህሌን አሸነፈው፤ ሰውዬው «እሺ፣ ትመለስ፣ እንደፈለገች ትጠይቅ» አለ። እዚያው ሆነን ደወልንላት። ስልኩን ጮክ አደረግኩት።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ግን አልመለስም።»

«ምነው? እዚያ ሐኪሞቹ ይሰሙሻል?»

«ገና አይሰሙኝም። ግን እዚህም ፌስታል ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ትናንት ጀምሬአቸዋለሁ። እዚያ ሆሳዕና ደግሞ ልጁ እንዲጠይቅ ፍቀዱለት።»

ወጣቱ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሁሉን ይሰማል። ማንም «ጠይቅ» አላለውም፤ ጋሽ ሳህሌም አላለውም። ለሚቀጥለው ሰው መድኃኒት አወረደ፣ ሰጠ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

አባባ ብድግ አለ። የሚደግፈው ሰው አልፈለገም። ዳገቱን በንዴት ሲወጣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ነው የተከተልኩት። በዕድሜው ሙሉ ሽምግልና ተቀምጦ ሰው እምቢ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው። መሃል ላይ ቆሞ ዞር አለ፤ ፊቱ ቀልቷል።

«አየሽ ልጄ?» አለ። «ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝና ጥላኝ ሄደች። ተኝቼ ቢሆን ኖሮ እኮ አሁን አልናደድም ነበር!»